የተጠለፈው ወንዝ

በአማርኛችን ወንዝን ከተፈጥሮ መውረጃው አውጥቶ በቦይ እየመሩ ወደ እርሻ መውሰድ «መጥለፍ» ይባላል፤ ልጃገረድንም ከውኃ መቅጃ መንገድ ላይ፣ ያለ ፈቃዷና ያለ ወላጆቿ ቃል፣ በጉልበት መውሰድ በዚያው ቃል «መጥለፍ» ይባላል። አንደኛው የሚመሰገን ትጋት፣ ሁለተኛው የሚያስነውር ግፍ ሆኖ ሳለ፣ ቋንቋው ለሁለቱም አንድ ስም ብቻ ሰጥቶ ልዩነቱን ለሰሚው ኅሊና ትቶታል። የገበሬው ጠለፋ ነውር የማይሆነው ቦዩ ተራ ስላለው፣ ተራውንም የሚጠብቅ የውኃ አባት ስለተሾመለት፣ የላይኛው ማሳ ጠጥቶ ሲረካ ውኃው ወደ ታችኛው ጎረቤት ስለሚወርድ ነው። ተራው የቀረ ዕለት፣ የውኃ አባቱም ለአንድ ወገን ብቻ ያደረ ዕለት፣ በቃሉ ውስጥ ተኝቶ የኖረው ሁለተኛው ትርጓሜ ይነቃል። ከዚህ በታች የምንተርከው፣ ውኃ አጥታ የተጨነቀች አንዲት ከተማ የሩቅ ሸለቆ ወንዝ ጠልፋ የከበረችበት፣ ሸለቆውም የደረቀበት ታሪክ የዚህ ቃል ሁለቱም ትርጓሜዎች በአንድ ጊዜ የተፈጸሙበት ነው።

በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና፣ የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሠፈር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ረከቦቱ ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጤሶ፣ ቡናው ተወቅጦ ጀበናው ሲጣድ፣ በውስጡ የሚንተከተከው ውኃ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ እንግዳ እምብዛም አይገኝም። የከተማዪቱ ውኃ ከልዩ ልዩ ምንጮች የተቀላቀለ ነው፤ ከፊሉ ግን በረዶ ሆኖ የወደቀው ከዚያ ጎዳና ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ራስ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ቀልጦ፣ ያለ አንዳች መግፊያ ሞተር፣ በራሱ ክብደት ብቻ በረሃውን አቋርጦ በተራሮችም ሆድ ውስጥ ዐልፎ ይደርሳል። ይህ መንገድ እንዴት እንደ ተከፈተና ምን ያህል እንደ ተከፈለበት ማወቅ ለጠጪው ሁሉ ይገባል።

ሎስ አንጀለስ በ1781 ከሜክሲኮ ተጉዘው በመጡ 44 ሰፋሪዎች ስትቈረቈር፣ በመላእክት ንግሥት ስም የተጠራች፣ ጥቂት የጭቃ ቤቶችና አንድ ወንዝ ያሏት መንደር ነበረች። ወንዙ በክረምት ጎርፍ ይሆናል፣ በበጋ ደግሞ በአሸዋው ውስጥ ይሰወራል፤ ስለዚህ ሰፋሪዎቹ ሳይውሉ ሳያድሩ በቋንቋቸው «እናት ቦይ» ብለው የሰየሙትን መስኖ ቈፈሩ፤ ከእናቲቱም ልጆች ቦዮች ተወልደው ወይኑንና ብርቱካኑን አጠጡ። ቦዩ እንዳይደፈን፣ ከብትም እንዳይገባበት፣ ባለተራውም ከተራው እንዳያልፍ የሚጠብቅ ሹም ነበረ፤ ይህም ሹም እኛ የውኃ አባት ከምንለው በቋንቋ እንጂ በግብር የሚለይ አልነበረም። አሜሪካውያን አገሩን ከያዙ በኋላም ሹመቱ ከነእስፓንያዊ ስሙ ቀጠለ።

በዚህ አገልግሎት የመጨረሻ እርከን ላይ በ1878 አንድ የአየርላንድ ተወላጅ ወጣት ቦይ ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረ። ስሙ ዊልያም መልሆላንድ ይባላል፤ በ1855 በቤልፋስት ተወልዶ፣ በደብሊን አድጎ፣ ገና በልጅነቱ ወደ ባሕር ወጥቶ መርከበኛ ሆኖ የኖረ፣ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ነበረ። ቀን አካፋ ይዞ ደለል ሲዝቅ ይውላል፤ ማታ በወንዙ ዳር በምትገኝ ጎጆው ውስጥ የሒሳብንና የመሐንዲስነትን መጻሕፍት ሲመረምር ያመሻል። አንድ ቀን በሥራ ላይ ሳለ የከተማዪቱን ውኃ ያከፋፍል የነበረው የግል ኩባንያ አለቃ በአጠገቡ ሲያልፍ ስሙንና ሥራውን ቢጠይቀው፣ ቀና ሳይል አንተን አያገባህም ብሎ መለሰለት፤ የጠየቀው ማን እንደ ሆነ በተረዳ ጊዜም ሳያባርሩኝ ሒሳቤን ልቀበል ብሎ ወደ ቢሮ ቢሄድ፣ አለቃው ትጋቱን አይቶ ኖሮ ሹመት ጨመረለት እየተባለ ይተረካል። ከተማው ኩባንያውን በ1902 ገዝቶ በእጁ ባደረገ ጊዜ፣ ከመሬት በታች የተቀበረው ቧንቧ ሁሉ የተመዘገበው በወረቀት ላይ ሳይሆን በዚህ ሰው ራስ ውስጥ መሆኑ ስለታወቀ፣ መልሆላንድ የሕዝቡ ውኃ ዋና ሹም ሆኖ ቀረ።

በዚያን ጊዜ የከተማው ሕዝብ ከመቶ ሺህ በላይ ሆኖ፣ በባቡርና በማስታወቂያ እየተጠራ በየወሩ ይጨምር ነበር፤ ዝናቡ ግን ይጎድል ነበር። አንድ ወንዝና የከርሰ ምድሩ ውኃ ይህን ሁሉ ሕዝብ ለዘለቄታው ሊያጠጡት እንደማይችሉ መልሆላንድ አወቀ፤ መድኃኒቱን ግን ያሳየው ከእርሱ በፊት የኩባንያው ሹም፣ በኋላም የከተማው ከንቲባ የነበረው ወዳጁ ፍሬድ ኢተን ነው። በ1904 በመከር ወራት ሁለቱ ወዳጆች ሁለት በቅሎ በሚጎትቱት ጋሪ ተቀምጠው የሞሃቪን በረሃ አቋርጠው ወደ ሰሜን ተጓዙ።

የደረሱበት ስፍራ የኦወንስ ሸለቆ ይባላል። በስተምዕራብ የሴራ ኔቫዳ፣ በስተምሥራቅ የዋይትና የኢንዮ ተራሮች አጥረውት፣ ወደ 120 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ጠባብ አገር ነው። ከሰላማዊ ውቅያኖስ የሚመጣው ደመና ሸክሙን 4,421 ሜትር ከፍታ ባለው በዊትኒ ተራራና በወንድሞቹ ላይ አራግፎ ስለሚጨርስ፣ በሸለቆው ላይ የሚዘንበው ዝናብ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ያው በረዶ በበጋ ሲቀልጥ ብዙ ጅረቶች እየዘለሉ ወርደው የኦወንስን ወንዝ ይሞሉታል። አዋሻችን ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚያልቅ፣ ያም ወንዝ መውጫ በሌለው፣ ስፋቱ ወደ 280 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚደርስ ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ጕዞውን ይፈጽም ነበር። ሐይቁ ከመስፋቱ የተነሣ በ1870ዎቹ ዓመታት ከተራራው የብር ማዕድን የሚወርደውን ጥሬ ብር በእንፋሎት መርከብ ያሻግሩበት ነበር።

የሸለቆው ቀደምት ባለርስቶች ፓዩቶች ናቸው፤ አገራቸውንም በልሳናቸው ፓያሁናዱ፣ ትርጓሜውም ሁልጊዜ ውኃ የሚፈስበት ስፍራ፣ ብለው ይጠሩታል። እነርሱም ከተራራው የሚወርደውን ጅረት በግድብ ጠልፈው፣ በረጃጅም ቦዮች እየመሩ፣ በሜዳው ላይ በራሱ የሚበቅለውን ሥራ ሥርና ፍሬ ያጠጡ ነበር፤ በቢሾፕ ጅረት አካባቢ የነበሩትም በየዓመቱ በጸደይ ወራት ውኃውን የሚመራ አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ይመርጡ ነበር። ስለዚህ በዚያም በረሃ የውኃ አባት ነበረ፤ የሁለት አገር ጥበብ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ወደ አንድ ሥርዓት ደረሰ። በ1861 ከብት የሚነዱ ነጮች መጥተው ሜዳውን በያዙት ጊዜ ግን ጦርነት ተነሣ፤ በ1863ም ወታደሮች ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ፓዩቶችን ነድተው ከአገራቸው አስወጡ። ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ተመልሰው፣ አባቶቻቸው በጠለፉት ውኃ በሚለማው እርሻ ላይ ቅጥረኞች ሆኑ። እንግዲህ ከተማው ሸለቆውን ከገበሬዎቹ ከመውሰዱ በፊት፣ ገበሬዎቹ ከሌሎች ወስደውት ነበር፤ በኋላ የተበደሉትን ስናዝንላቸው ይህን መርሳት አይገባንም።

መልሆላንድ ወንዙን አይቶ፣ ከፍታውን ለክቶ፣ ውኃው ከሸለቆው ተነሥቶ እስከ ከተማው ድረስ ያለ ኃይል ቁልቁል ሊወርድ እንደሚችል አረጋገጠ። ከዚህ በኋላ የተሠራው ሥራ በድብቅና በዝምታ የተሠራ ነበር። ያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት በ1902 ያቋቋመው የመስኖ መሥሪያ ቤት በዚያው ሸለቆ ለገበሬዎቹ ትልቅ መስኖ ለማውጣት ጥናት ጀምሮ ነበርና፣ ገበሬዎቹ በተስፋ ይጠብቁ ነበር፤ የዚያ መሥሪያ ቤት የካሊፎርንያ ሹም የነበረው ሊፒንኮት ግን በአንድ ጊዜ ከመንግሥትም ከሎስ አንጀለስ ከተማም ገንዘብ የሚቀበል፣ የኢተንም ወዳጅ ነበረ። ኢተን በሸለቆው እየተዘዋወረ መሬትና የውኃ መብት በገዛ ጊዜ ሻጮቹ ብዙዎች ለመንግሥቱ መስኖ የሚገዛ መስሏቸው፣ ሌሎችም ከብት ሊያረባ ነው ብለው፣ በደስታ ፈረሙለት። ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1905 አንድ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ ከተማዪቱ ወንዝ አገኘች ብሎ ምስጢሩን አወጣው።

በመጽሐፍ ቅዱስ እንደ ተጻፈ ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በፈለገ ጊዜ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሸጥም በማለቱ ደሙ ፈሰሰ፤ በኦወንስ ሸለቆ ግዢ ግን የፈሰሰ ደም የለም፣ ዋጋውም በእጅ ተቈጥሮ ተከፍሏል፣ ውሉም በምስክር ፊት ተፈርሟል። ፍርዱን የሚያከብደው ይህ ነው፤ በሰይፍ የተደረገውን ግፍ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፣ በፊርማ የተደረገውን ግን ሊቃውንትም ይከራከሩበታል። ሻጩ የሸጠው ማሳውን ነው፤ ማሳው ይዞት የሄደው ግን የጎረቤቱን ቦይ፣ የመንደሩን ወፍጮ፣ የሐይቁንም ውኃ ሁሉ ነው፤ እነዚህ በውሉ ላይ አልተጻፉም፣ ፈራሚም አልነበራቸውም።

ነገሩ ወደ ዋሽንግተን ደርሶ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 ለከተማው ፈረዱ፤ ምክንያታቸውም ውኃው ለጥቂት ገበሬዎች ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ ለብዙ ሕዝብ የሚሰጠው ይበልጣል የሚል ነበር። ብዙዎች ይጠቀሙ ዘንድ ጥቂቶች ይጎዱ የሚለው ምክር ከቀያፋ ዘመን ጀምሮ ለሹማምንት ጆሮ ሲጥም የኖረ ነው፤ ስሕተቱም ቍጥሩ ላይ ሳይሆን፣ የሚጎዱት ጥቂቶች ምን ያህል እንደሚጎዱና ማን እንደሚክሳቸው አስቀድሞ አለመነገሩ ላይ ነው። አዳዲስ ሰፋሪዎች ገብተው በመንገዱ ላይ መሬት እንዳይዙም መንግሥት የደን ክልሉን ወደ ሸለቆው ዘረጋው፤ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ደን ታወጀ። በከተማውም ሕዝቡ በ1905 ለመሬቱ ግዢ 1.5 ሚሊዮን ዶላር፣ በ1907 ደግሞ ለሥራው 23 ሚሊዮን ዶላር ብድር እንዲወሰድ በታላቅ የድምፅ ብልጫ ፈቀደ። ከዚሁ ጋራ ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ ቦዩ ከከተማው በፊት የሚደርስበትን ደረቅ የሳን ፈርናንዶ ሸለቆ የጋዜጣው ባለቤት ሃሪሰን ግሬይ ኦቲስ፣ የባቡር ሐዲድ ባለጸጎችና ባልንጀሮቻቸው በማኅበር ሆነው አስቀድመው በርካሽ ገዝተውት ነበር፤ ከመካከላቸውም አንዱ የከተማው የውኃ ቦርድ አባል ነበረ።

ስለ ሥራው ታላቅነት ግን እውነቱን መናገር ይገባል። ከ1908 እስከ 1913 ድረስ፣ በአንድ ጊዜ እስከ 3,900 የሚደርሱ ሠራተኞች፣ በበጋ እንደ እቶን በሚነድ፣ በክረምት ነፋሱ በሚቈርጥ በረሃ ውስጥ፣ 375 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የውኃ መንገድ ዘረጉ። ከፊሉ ክፍት ቦይ፣ ከፊሉ በሲሚንቶ የተከደነ፣ ከፊሉ በብረት ቧንቧ የሚያልፍ ነው፤ ከ140 የሚበልጡ ዋሻዎችም አሉበት፤ ከእነዚህ ረጅሙ የኤልሳቤጥ ዋሻ ከሁለቱ ጫፍ በአንድ ጊዜ እየተቈፈረ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ዐለት ተሠንጥቆበታል። ጥልቅ ገደል ባጋጠመ ጊዜ መሐንዲሶቹ ድልድይ አልሠሩም፤ ውኃው በታሸገ የብረት ቧንቧ ወደ ገደሉ ግርጌ ይወርዳል፣ ከኋላው የሚገፋው የውኃ ክብደትም በማዶው ግድግዳ ላይ መልሶ ያወጣዋል፤ መውጫው ከመግቢያው ጥቂት ዝቅ ካለ ሌላ ኃይል አያሻውም። ጆቦን በተባለው ሸለቆ ያለው እንዲህ ያለ ቧንቧ 260 ሜትር ያህል ወርዶ ይወጣል፤ ለዚህም የሚሆነውን ከባድ ብረት ለማድረስ አዲስ የተፈለሰፈው ትራክተር በአሸዋው ተሸንፎ ሲቀር፣ 52 በቅሎዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው ጎተቱት። በዚህ ሥራ 43 ሰዎች ሞተዋል።

ኅዳር 5 ቀን 1913 በሳን ፈርናንዶ ኮረብታ ግርጌ ከ30 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ሙዚቃ ተመታ፣ መድፍ ተተኰሰ፣ በሩም ተከፍቶ ከሩቅ ተራራ የመጣው ውኃ አረፋ እየደፈቀ ሲወርድ ሕዝቡ ኩባያ ይዞ ሮጠ። በጩኸቱ መካከል መልሆላንድ ወደ ከንቲባው ዘወር ብሎ «ይኸውልዎ፤ ይውሰዱት» አላቸው። ከተማውም ወሰደው፤ መጀመሪያ ከሚጠጣው በላይ ነበርና ትርፉ በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ላይ ፈሰሰ፤ የከተማው ውኃ ከከተማው ውጭ እንዳይሸጥ ሕጉ ስለሚከለክልም ያ ሸለቆ በ1915 በሕዝብ ድምፅ ከከተማው ጋራ ተቀላቅሎ፣ የከተማዪቱን ስፋት ከእጥፍ በላይ አደረገው። መሬቱን በርካሽ የገዙት ሰዎች ባለጸግነታቸው በረከተ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጉድለት ተደብቆ ነበረ፤ በወንዙ አናት ላይ የዝናቡን ዓመት ትርፍ ለድርቁ ዓመት የሚያኖር ግድብ አልተሠራም። ለግድቡ የሚስማማው ስፍራ፣ ሎንግ ቫሊ የተባለው፣ የኢተን ርስት ነበር፤ ኢተን አንድ ሚሊዮን ዶላር ይከፈለኝ ሲል መልሆላንድ በወዳጄ ትርፍ አልተባበርም ብሎ እምቢ አለ፤ በአንድ ጋሪ በረሃ ያቋረጡት ሁለቱ ሰዎችም ከዚያ ወዲያ ተኳረፉ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ በመጣ ጊዜ ከተማው የተጠራቀመ ውኃ ስለሌለው ወደ ሸለቆው ተመልሶ የቀሩትን እርሻዎችና ቦዮች ይገዛ፣ ከርሰ ምድሩንም ይቀዳ ጀመር። ገዢዎቹም እንደ ዳማ ተጫዋች አንዱን ዘልለው ሌላውን እየያዙ፣ መካከል የቀረው ገበሬ የጋራውን ቦይ ብቻውን መጠበቅ ስለማይችል ሳይወድ እንዲሸጥ ያደርጉ ነበር ተብለው ተከሰሱ። ተራው የቀረው፣ የውኃ አባቱም ለአንድ ወገን ያደረው በዚህ ጊዜ ነው።

በግንቦት 1924 ቦዩ በድማሚት ተሰበረ። በዚያው ዓመት ኅዳር 16 ቀን ደግሞ ከ60 የሚበልጡ የሸለቆው ሰዎች የአላባማ በር የተባለውን ማስተንፈሻ ይዘው ውኃውን ሁሉ ወደ ጥንት መውረጃው መለሱት። ሹሙ መጥቶ ተበተኑ ቢላቸው አልሰሙትም፤ ይልቁንም ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ስንቅ ይዘው መጡ፣ ፍሪዳ ታረደ፣ ጥብስ ተጠበሰ፣ ዘፈን ተዘፈነ፣ አራት ቀን ሙሉ እንደ ማኅበር ድግስ በውኃቸው ዳር ተቀመጡ። ብዙ ጋዜጦች አዘኑላቸው፤ ከተማው ግን አልተመለሰም። የተቃውሞው መሪዎች የሸለቆው ባንክ ባለቤቶች የሆኑት የዋተርሰን ወንድማማቾች ነበሩ፤ በነሐሴ 1927 ባንኮቻቸው ተዘጉ፣ ሒሳቡም ሲመረመር የሰዉን ገንዘብ አጉድለው ተገኝተው ወኅኒ ወረዱ። ገበሬው ከከተማው ጋራ እየታገለ ሳለ ጥሪቱ የጠፋው በገዛ መሪዎቹ እጅ ሆነ፤ የኢተንም ርስት ለዚያው ባንክ መያዣ ነበርና ሀብቱ አብሮ ሰመጠ።

የመልሆላንድም ተራ ደረሰ። በላይኛው ሸለቆ ሊሠራ ያልወደደውን ግድብ በከተማው አጠገብ ለመተካትና ቦዩ ቢሰበር ለክፉ ቀን የሚሆን ውኃ ለማኖር፣ በሳን ፍራንሲስኪቶ ገደል ውስጥ ቁመቱ 60 ሜትር ያህል የሆነ የሰይንት ፍራንሲስ ግድብ በ1926 ሠርቶ ጨርሶ ነበር። መጋቢት 12 ቀን 1928 ጠዋት የግድቡ ጠባቂ የደፈረሰ ውኃ ሲያንጠባጥብ አይቶ ቢጠራው፣ መልሆላንድ መጥቶ ተመልክቶ አያሠጋም ብሎ ተመለሰ፤ በዚያው ሌሊት ከእኩለ ሌሊት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ግድቡ ፈረሰ። 47 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውኃ በጨለማ ወርዶ፣ በእርሻና በመንደር ላይ ተጥለቅልቆ፣ እስከ ውቅያኖሱ ዳርቻ ከ400 የሚበልጡ ሰዎችን ይዞ ሄደ። በምርመራው ሸንጎ ፊት ሽማግሌው መልሆላንድ የሞቱትን እንደሚቀናባቸው ተናገረ፤ ጥፋቱንም በሌላ በማንም ላይ እንዳያደርጉ፣ በእርሱ ብቻ ላይ እንዲያደርጉት ለመነ፤ በዚያውም ዓመት ሥራውን ተወ። በግድቡ ግራና ቀኝ ያለው ተራራ ራሱ የማይታመን እንደ ነበረ በኋላ የተነሡ ጠቢባን መርምረው አገኙ፤ ቦይ በመጥረግ ውኃን የተማረው ሰው የውኃን ጠባይ እንጂ የድንጋይን ጠባይ በሚገባ አልተማረም ነበር። በ1935 ሞተ፤ ኢተን በ1934 ቀድሞት ነበር፤ ከመሞታቸውም በፊት ታርቀው እንደ ነበር ይነገራል።

በሸለቆው ግን የኦወንስ ሐይቅ በ1926 ገደማ ፈጽሞ ደርቆ ነበር። ማንዛናር የተባለችው፣ ስሟ በእስፓንያ ቋንቋ የፖም አትክልት ስፍራ ማለት የሆነው መንደር፣ ከተማው መሬቷን ገዝቶ ሰዎቿ ከሄዱ በኋላ ዛፎቿ ደረቁ፤ በ1942 ደግሞ መንግሥት በጦርነቱ ምክንያት ከ10 ሺህ የሚበልጡ የጃፓን ዘር ያላቸው አሜሪካውያንን በዚያ በባዶው ሜዳ አሰረ። ፓዩቶች ገበሬዎቹ ሲነቀሉ ቅጥራቸውን አጡ፤ በ1939 ከከተማው ጋራ የመሬት ልውውጥ ሲደረግላቸውም የውኃቸው ጉዳይ ሳይፈታ ቀረ። ከተማው ግን ገና ይጠማ ነበርና በ1941 ቦዩን ወደ ሰሜን ወደ ሞኖ ሐይቅ ጅረቶች አስረዘመ፤ በዚያው ዓመት የሎንግ ቫሊውም ግድብ ተሠራ፤ ከግድቡ በስተኋላ የተጠራቀመው ሐይቅም በሸለቆውና በከተማው መካከል ዕርቅ ለማውረድ ሲደክም በመኪና አደጋ በሞተው በካቶሊካዊው ካህን በአባ ጆን ክራውሊ ስም ተሰየመ። አስታራቂ የሚሆነው ግድብ የተሠራው የሚታረቁት ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው።

ሽምግልናው ዘግይቶ መጣ። የሞኖ ሐይቅ ውኃ ወደ 14 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ወፎች የሚራቡባት ደሴት ከመሬት ጋራ ተገናኝታ ቀበሮ ገባባት፤ ጥቂት ወጣቶችም በ1978 ማኅበር አቁመው ተሟገቱ፤ የካሊፎርንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1983 ሐይቅና ወንዝ መንግሥት ለሕዝብ በአደራ የሚጠብቀው ሀብት ስለሆነ የተፈቀደ የውኃ መብት ሁሉ እንደገና ሊመረመር ይገባል ሲል ፈረደ። በ1994ም ሐይቁ ከፍ ብሎ እንዲመለስ ታዘዘ። የኦወንስ ሐይቅ ጉዳይ ግን ከዚህ ይከፋ ነበር፤ ከደረቀው አፈሩ የሚነሣው የጨው አቧራ በመላው የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ተወዳዳሪ ያልነበረው ሆኖ፣ የሸለቆውን ሰዎች ዓይንና ሳንባ ያሳምም ነበር። በሕግ ተገድዶ ከተማው ከ2001 ጀምሮ፣ ከተራራው የወረደውን ያን የተጠለፈ ውኃ ከፊሉን መልሶ በሐይቁ አፈር ላይ ያፈስስ ጀመር፤ ለዚህም አቧራ ማስተኛ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። በ2006 ደግሞ ደርቆ በቆየው 100 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዙ ክፍል ላይ ውኃ እንደገና ተለቀቀ።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ እንደ ተጻፈ ዳዊት በምሽጉ ሳለ ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ውኃ ቢመኝ፣ ሦስቱ ኃያላን የጠላትን ሠፈር ሠንጥቀው ቀድተው አመጡለት፤ እርሱ ግን በነፍሳቸው ቈርጠው የሄዱ ሰዎች ደም መስሎ ስለታየው አልጠጣም ብሎ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ሎስ አንጀለስም በመጨረሻ ከሩቅ በብዙ ዋጋ የመጣላትን ውኃ በምድር ላይ አፈሰሰች፤ ዳዊት ግን ሳይጠጣ በፈቃዱ ያፈሰሰውን፣ እርሷ ሰማንያ ስምንት ዓመት ከጠጣች በኋላ በፍርድ አፈሰሰች። የተጠማ ሕዝብ ውኃ ፈልጎ መውጣቱ ኀጢአት አይደለም፤ የውኃውን መነሻና መድረሻ በእኩል ዓይን የሚመለከት የውኃ አባት ሳይሾም ቦይ መቈፈር ግን ለልጅ ልጅ ዕዳ መፈረም ነው። ሽማግሌዎች ጠላፊውን ካሳ ያስከፍሉታል እንጂ የተጠለፈችውን ወደ አባቷ ቤት ልጅነት አይመልሷትም። ዛሬ በኦወንስ ሐይቅ ላይ ወፎች ተመልሰው ይታያሉ፤ ውኃው ግን አቧራውን እንዲያስተኛ ብቻ በስሱ የፈሰሰ ነውና፣ ጥንት ብር የጫነች የእንፋሎት መርከብ ታቋርጥበት በነበረው ስፍራ አእዋፉ በእግራቸው ቆመው ይለቅማሉ።